የስንሻው የብረት ተጋጣሚ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ብረት በያጅ ላጫውታችሁ። ከኋላ ያላችሁ ትንሽ ቀረብ በሉ፤ ይህ ታሪክ ሩቅ ለተቀመጠ ሰው አይጥምም።

አንድ ሰው ነበረ። ከሥራ ቦታው ደጃፍ በርጩማ ስቦ ተቀምጦ፣ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ገልብጦ ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ በእርሳስ ይሥላል። ይሥላል፣ ያጠፋል፣ ደግሞ ይሥላል። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያይና "የማን ቤት በር ነው?" ይለዋል። ሰውየው ራሱን ሳያቀና መሥመሩን ይስባል።

በር አልነበረም። መስኮትም አልነበረም። የሚሥለው ሰው ነው። ከብረት የሚሠራ፣ የማይደክም፣ የማይርበው፣ ቀን ከሌት ሜዳ ላይ ቆሞ "ና ግጠመኝ" የሚል ተጋጣሚ። ምን ሊያደርግለት ነው? እሱን ነው የምነግራችሁ።

ከተማዋ ትንሽ ናት። ከታች ወንዝ አላት፤ ከወንዙ ወዲህ ሰፊ ሜዳ። በጥምቀት ማግስት ታቦቱ ከገባ በኋላ የወንዙ ማዶና የወንዙ ወዲህ ጎረምሶች እዚያ ሜዳ ላይ ትግል ይገጥማሉ። ትግሉ የአባት የአያት ነው፤ ወግ አለው። ወገብ ለወገብ ተያይዘው አንዱ አንዱን ይጥላል። የጣለው የወደቀውን በእጁ ስቦ ያነሣዋል። ከዚያ ከወደቀው ወገን አንድ ሰው፣ አባት ካለው አባቱ፣ ወንድም ካለው ወንድሙ፣ ወደ መሐል ገብቶ የጀርባውን አፈር ያራግፍለታል። አፈሩ ከተራገፈ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ማንም ዳግመኛ አያነሣበትም።

ይህ በያጅ ስንሻው ይባላል። በወጣትነቱ ሰባት ጥምቀት ሙሉ ገጥሞ አንድም ቀን ጀርባው መሬት አልነካም። በምን ይታወቃል ካላችሁ፣ ራሱ ስለሚናገር ነዋ። ለማን ያልነገረው አለ? በር ሊያሠራ የመጣ ሰው ልኩን ሳይናገር የሰባቱን ዓመት ታሪክ ሰምቶ ይሄዳል።

ይርሳው የሚባል የሃያ ዓመት ልጅ አለው። አምና በጥምቀት ማግስት ይርሳው ገባ። ከማዶ የመጣ አንድ ጎረምሳ በወገቡ ገብቶ፣ እግሩን ጠልፎ፣ ሜዳው ላይ ዘረጋው። እንደ ወጉም ስቦ አነሣው። ይርሳው ተነሥቶ አባቱን አየ። ሰዉም ሁሉ ስንሻውን አየ።

ስንሻው እጁን አጣጥፎ ቆመ። ከዚያ ፊቱን አዞረና ወደ ቤቱ ሄደ።

ልጁ አፈሩን ጀርባው ላይ እንደ ተሸከመ ከተማውን አቋርጦ ቤቱ ገባ። ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ አባት ሆዬ፣ ዝም ቢል ምን ነበረበት፣ "የኔ ዘር አይወድቅም ነበር" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይርሳው ከአባቱ ጋር አንድ ገበታ ላይ አልቀረበም። በጓሮ በር ይወጣል፣ በጓሮ በር ይገባል። ሩቅ አገር በግንባታ ሥራ ላይ ያሉ ጓደኞቹ ጠሩት። "ታኅሣሥ ሲጋመስ እሄዳለሁ፤ ለጥምቀትም አልመለስም" ብሎ ለእናቱ ነገራት። ለአባቱ አልነገረውም። አባትየው ከሚስቱ ከእናኑ አፍ ሲሰማ ሆዱ ባባ። አንድ ልጁ ነው።

እንግዲህ ምን ማድረግ ነበረበት? ልጁን ጠርቶ ሁለት ቃል መናገር ነበረበት፤ አይደለም? ግን ወገኖቼ፣ አፉ የከበደው ሰው እጁ ይፈጥናል። እኛስ ስንት ጊዜ "ይቅርታ" ማለት ከብዶን ጫማ ገዝተን ገብተናል?

ስንሻውም እንዲህ አሰበ፤ "ልጄ የሚሸሸኝ ስለ ወደቀ ነው። እንዳይወድቅ ካደረግሁት አይሸሸኝም።" አሰበና እርሳሱን አነሣ።

ሥራውን ብታዩት ግን ታደንቁት ነበር። ከትግሉ ብልሃት አንድ በአንድ እየነቀሰ ወደ ብረት ለወጠው። ወገብ መጨበጥ አለ፤ ለእሱ በኩሽኔታ የሚዞር ወፍራም ምሰሶ ተከለና የመኪና ጎማ አለበሰው። እግር መጥለፍ አለ፤ ለእሱ ከአሮጌ የጭነት መኪና ሥር የተፈታ ባሌስትራ፣ ያን ሲጫኑት የሚለጠጥ ብረት፣ በቁርጭምጭሚት ልክ አሰረ፤ በደንብ ጠልፈው ካልያዙት ተስፈንጥሮ ቅልጥም የሚመታ ነው። ክንድ ለማጠንከር ቱቦላሬ የሚሉትን የብረት ቱቦ ከፍ አድርጎ አጋደመ። ገፍቶ ለመመከት በሰንሰለት የአሸዋ ጆንያ አንጠለጠለ። አረንጓዴ ቀለም ቀባው። ቀበሌው ከሜዳው ጥግ ቦታ ፈቀደለት፤ ጎረቤት ጉድጓድ ቆፈረለት።

ቀረ የተባለው ወለሉ ነው። ሜዳው በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው፤ ስንሻው ደግሞ ሥራው ንጹሕ እንዲሆን ይፈልጋል። ስለዚህ ከሥሩ ጥሩ አድርጎ አርማታ ሞላበት። ለሰነው። ጠዋትና ማታ ውኃ እያጠጣ ሳምንት ጠበቀው። ወለሉ እንደ ባንክ ቤት ወለል አማረ።

እሑድ ከሰዓት ሪባን ታስሮ ተመረቀ። ሽማግሌዎች መረቁ፤ ሰው አጨበጨበ። ጎረምሶቹም ገቡ። የመጀመሪያው ምሰሶውን ወገቡን አቀፈው፤ ምሰሶው ዞረ፣ ልጁም አብሮ ዞረና ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ክርኑ ተላጠ። ሁለተኛው ባሌስትራውን እጠልፋለሁ ሲል ተንሸራቶ በመቀመጫው አረፈ፤ እንዴት እንዳረፈ በቤተ ክርስቲያን አልናገርም። ሦስተኛው ወለሉን አየና "ለካ እናቴ ልካኝ ነበር" ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣም። ፍየሎች መጡ፤ ጎማው ላይ ጎናቸውን ያክካሉ። የሠፈሩ ሴቶችም መጡ፤ ቱቦላሬው ላይ ብርድ ልብስ አሰጡ። ስንሻው ተቆጥቶ ወረደ። "ይሄ እኮ የትግል መማሪያ ነው" አለ።

አንዲቱ ጎረቤቱ ቀና ብላ አየችው። "እኛስ ምን እያደረግን ነው? ይሄን ብርድ ልብስ ጨምቀኸው ታውቃለህ?" አለችው። ወደ ሥራ ቦታው ተመለሰ።

ይህ ሁሉ ባልከፋው ነበር። ያስከፋው የይርሳው ነገር ነው። አንድ ቀን ይርሳው በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ የብረቱን ሰው አየ፤ ወለሉን አየ፤ መንገዱን ቀጠለ። አባቱ ከሥራ ቦታው ሆኖ ያየዋል። ያ ሁሉ ድካም ለዚያ ልጅ ነበር። ለልጁ መሄጃ የቀሩት ቀኖች ደግሞ አሥር አይሞሉም።

"እናኑ፣ ምን ጎደለው?" አላት ሚስቱን።

"እኔ ብረት አላውቅም። አያ ቢምረውን ጠይቃቸው፤ አንተንም የሠሩህ እሳቸው ናቸው" አለችው።

አያ ቢምረው ለአርባ ዓመት የዚያን አገር ልጆች ትግል ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። በትራቸውን ይዘው መጡ። ዙሪያውን ዞሩት። ምሰሶውን አቅፈው አዞሩት።

"ይሄ ወገብ ነው።"

"ነው አያ።"

ባሌስትራውን በበትራቸው ነካ ሲያደርጉት ዘሎ ተመለሰ። ሳቁ። "ይሄ ደግሞ የኔ እግር ነው። ክፋቱም ልክ እንደኔው ነው።"

"ከእርስዎ ነው የቀዳሁት" አለ ስንሻው፤ ደስ አለው።

ከዚያ ሽማግሌው ወለሉን በበትራቸው ኳ ኳ አደረጉት።

"ስንሻው፣ መውደቂያው የት ነው?"

"አያ፣ ይሄ እኮ እንዳይወድቁ የሚማሩበት ነው።"

"እንዳይወድቁ ከሆነማ ቤታቸው ይተኙ። የተኛ ሰው የት ይወድቃል?" በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። "አንተን የት ነው ያስተማርኩህ?"

"አውድማ ላይ።"

"ምን ነበረበት?"

"ጭድ።"

"መጀመሪያ ያስተማርኩህስ ምንድን ነው?"

ይህን ሲጠየቅ ለስንሻው ትዝ አለው። ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ነገር አልተማረም፤ መውደቅ ብቻ ነው። አገጭህን ደረትህ ላይ፣ ክንድህን ዘርጋ፣ ትንፋሽህን አውጣ፣ ውደቅ። ተነሥ። ደግሞ ውደቅ። ጠጉሩ ጭድ ለብሶ ቤቱ ሲገባ እናቱ "ሰው ነው ወይስ አህያ የወለድኩት?" ይሉት ነበር። ይህን ሁሉ ረስቶታል። ሊዋሽ ብሎ አይደለም፤ ሰው ያየለትን ሰባት ዓመት ሲያወራ ሰው ያላየበት ሦስት ወር ከልቡ ወጣ።

"ስንት ጊዜ ጣልኩህ?"

"ማን ቆጥሮት አያ።"

"እኔም አልቆጠርኩትም። ልቆጥርብህ አይደለም የጣልኩህ።"

ስንሻው አንገቱን ደፋ። "ልጄ እዚህ ድርሽ አይልም። አምና ከወደቀ ወዲህ ዓይኔን አያየኝም" አለ።

"አምናማ ነበርኩ፤ አይቻለሁ። ሣሩ ለስላሳ ነበር። ልጁ ሲወድቅ ምንም አልሆነም። የተጎዳው ተነሥቶ አንተን ሲያይ ነው።"

ወገኖቼ፣ አርማታው ማን እንደ ነበር ገባችሁ? ለስንሻውም ገባው። አልተከራከረም። ቆሞ አለቀሰ፤ ሽማግሌው ደግሞ ወደ ፍየሎቹ ዞረው እንዳላዩ ሆኑ።

በነጋታው ስንሻው ዶማና ትልቅ መዶሻ ይዞ ወረደ። የገዛ እጁን ሥራ፣ ያን የባንክ ቤት ወለል የመሰለውን አርማታ፣ ይፈነክተው ጀመር። ሰው ሁሉ "ስንሻው ለየለት" አለ። ሰሙኑን ሁሉ ቢቀጠቅጠውም፣ ደህና አድርጎ ሞልቶት ኖሮ እንቢ ይለዋል። በሠሩት ልክ ማፍረስም ይከብዳል። እጁ ውኃ ቋጠረ። እንዲህ ሲል የይርሳው መሄጃ ቀን ደረሰ።

ወደ መናኸሪያው የሚወስደው መንገድ በሜዳው ጥግ ነው። ይርሳው ሻንጣውን አንግቶ ሲያልፍ አባቱን አየው። አላልፍም አለው እግሩ።

"አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"መውደቂያ ረስቼ ነው" አለ ስንሻው። መዶሻውን አስቀመጠ። "ይርሳው፣ እኔ ሦስት ወር ሙሉ ስወድቅ ነው የከረምኩት። አያ ቢምረው ምስክሬ ናቸው። ላንተ አልነገርኩህም፤ ለማንም አልነገርኩም። ያን ቀን ገብቼ አፈሩን ላራግፍልህ ሲገባኝ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ትቼህ ሄድኩ። ዓመት ሙሉ ሲያንገበግበኝ ኖረ። ይቅር በለኝ ልጄ።"

ልጁ ሮጦ አልተጠመጠመበትም። እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ አይሆንም። ከወዲያ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተነፋ። ደግሞ ተነፋ። አባት ሊለምነው ፈለገ፣ ግን የሚለምንበት ፊት የለኝም ብሎ ተወው።

ይርሳው ሻንጣውን ከትከሻው አወረደና ምሰሶው ላይ ሰቀለው። "መዶሻውን ስጠኝ። አያያዝህ ልክ አይደለም" አለ።

አውቶቡሱ ሄደ። አባትና ልጅ እየተቀባበሉ እስከ ቀትር ድረስ አርማታውን ፈነከቱት። የአውድማ ወቅት ነበርና ጎረቤት ጭድ በጆንያ አመጣ፤ ያቺ ብርድ ልብስ የምታሰጣውም ሁለት ጆንያ ተሸክማ መጣች። ጉልበት ድረስ ሞሉት።

ስንሻው ጫማውን አወለቀ። "ና ግባ። እንዳትራራልኝ" አለው ልጁን።

ተያያዙ። ሃምሳ ዓመት ከሃያ ዓመት ጋር ተያያዘ። ይርሳው በወገብ ገባ፣ ጠለፈ፤ ሰባት ጥምቀት ያልወደቀው ሰውዬ ሰው ሁሉ እያየ በጀርባው ጭዱ ውስጥ ጠለቀ። መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ ያወቀ የለም።

"በሉ፣ አሁን ተመረቀ" አሉ አያ ቢምረው።

መጀመሪያ የሳቀው ከጭዱ ውስጥ ነው። ስንሻው ሳቀ፣ ሳቀ፣ መነሣት አቃተው። ይርሳው ሊያነሣው ቢጎትተው እሱም ተንሸራቶ ላዩ ላይ ወደቀ። ከዚያ ማንን ማን ይከልክል? በዚያን ቀን ከወደቀው ሰው ብዛት የተነሣ፣ አንዲት አሮጊት እንኳ "እስቲ እኔንም" ብለው ነበር ይባላል።

ይርሳው ቀረ ወይ? አልቀረም። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሥራው ሄደ። ግን በፊት ለፊት በር ወጣ፤ ከአባቱ ጋር ቁርሱን በልቶ ወጣ። ለጥምቀትም መጣ። ገጠመ። አሸነፈ ወይ ትሉኛላችሁ። ያው የማዶ ልጅ ደግሞ ጣለው።

ልጁ ገና ከመሬት ሳይነሣ ስንሻው መሐል ሜዳ ደረሰ። ጀርባውን ማራገፍ ጀመረ፤ ማቆም አቃተው። በመጨረሻ ይርሳው "አባዬ፣ አፈሩ እኮ አለቀ፤ አሁን እየመታኸኝ ነው" አለው። ወደ ቤት ሲመለሱ "በግራ እግሩ ነው የጠለፈህ"፣ "ኧረ በቀኙ ነው" እየተባባሉ፣ እናኑ ከኋላ "የሁለታችሁም እግር ይፍጠንልኝ፣ ምሳው በረደ" እያለች ገቡ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ስንሻውን ትተን ወደ ራሳችን እንምጣ።

ቤታችን ወለሉ ምንድን ነው? ልጆቻችንን ጎበዝ ትምህርት ቤት አስገብተናል። አስጠኚ ቀጥረናል። "አንደኛ ውጣ" ብለናል። ሁሉን ተክለናል። ታዲያ ያቺ ልጅ የመልቀቂያ ፈተና ውጤቷን ስልኳ ላይ አይታ፣ አለማለፏን አውቃ፣ ሦስት ቀን "ገና አልወጣም" እያለች የምትዋሸን ለምንድን ነው? ውሸታም ሆና ነው? ወይስ የት ላይ እንደምትወድቅ ስለምታውቅ ነው?

ያ ወንድማችን ከሥራ ከተሰናበተ ወር አልፎታል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ኮቱን ለብሶ ይወጣል። የት ነው የሚውለው? ለሚስቱ ለምን አልነገራትም? እናንተ ወንዶች አትሣቁ፤ እናንተ እህቶችም አትሣቁ።

ወደ ቤተ ክርስቲያናችንም እንምጣ፤ እዚህም ቢሆን ደህና አርማታ ሳንሞላ አልቀረንም። ካህናት አሉን፣ መዘምራን አሉን፣ ጉባኤ አለን። ከመዘምራኑ መሐል ድምፅዋ የሚናፈቀን እኅት ግን ከፋሲካ ወዲህ አልመጣችም። የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ተጠያይቀናል፤ አዝነናል፤ "እግዚኦ" ብለናል። ቤቷ የሄደ ማን ነው? እኔ አልሄድኩም። ሰባኪያችሁ ነኝ፣ እኔም እጄን አጣጥፌ ቆሜአለሁ።

እግዚአብሔር ሲሠራን እንደምንወድቅ አላወቀም ነበር? ያውቃል። አውቆም ብንወድቅ ምሕረቱ ላይ እንጂ ከምሕረቱ በታች የምንወድቅበት ስፍራ አልተወልንም። እዚህ የተቀመጥነው ሁላችን ጠጉራችን ጭድ ነበረበት፤ እሱ ነው አራግፎ ያስቀመጠን። ሰው ስላላየ ብቻ እንዳልነበረ አናስመስለው። እንዲያውም ለልጆቻችሁ ንገሩአቸው። የወደቃችሁበትን ዓመት ንገሩአቸው። አባታቸውም ስምንተኛ ክፍል ሁለቴ እንደ ተቀመጠ ይወቁ፤ አይንቋችሁም፤ ይጠጉአችኋል።

አሁን አንድ ሰው ልባችሁ ላይ መጣ። አውቄአለሁ፤ ዓይናችሁን ሰበር ስታደርጉ አየሁ። የወደቀ ቀን ፊታችሁን ያዞራችሁበት ሰው ነው፤ ልጅ ይሆናል፣ ወንድም ይሆናል፣ ጓደኛ ይሆናል። ለእሱ ብረት አትበይዱለት። ጫማም አትግዙለት። ስትወጡ በሩ ላይ ሰላምታ ሳያዘገያችሁ ስልካችሁን አውጡና ደውሉለት። ምክር የሚባል ነገር አንድም እንዳትሰጡት፤ "ምሳ አልበላሁም፣ መጥቼ ካንተ ጋር ልብላ?" በሉት።

ባያነሣ ደግማችሁ ደውሉ። እኔም የዘማሪዋን የእኅታችንን ቤት መንገድ ጠይቄ ይዤአለሁ፤ ልክ እዚህ ስንጨርስ እሄዳለሁ፤ አብሮኝ መምጣት የሚፈልግ በሩ ላይ ይጠብቀኝ።